ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚቆም መኪና

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ያቺን በርጩማ ተዉአት፣ አንድ እግሯ ሰው ይጥላል፤ አግዳሚው ይሻላችኋል። የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። ስለ መኪና ልበል እንጂ አብዛኛው ስለ ራሴ ሞኝነት ነው። ሰው ራሱን ቢያማ የሚቀየም የለም ብዬ ነው የደፈርኩት።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ሞተር አስተማረኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ ከኮፈን ሥር ተጎንብሼ ኖርኩ። እዚያ ያወጡልኝ ስም «ጆሮ» ነው። ሞተር ሳይፈታ፣ አጠገቡ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ በሽታውን ይናገራል ተብዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከአሥሩ ስድስቱን አገኝ ነበር። የቀሩትን አራቱን ባለቤቶቻቸው ሌላ ጋራዥ ወስደው ስለሚያሠሯቸው ወሬያቸው እኛ ዘንድ አይደርስም። ዝና የሚባለው እንዲህ ነው የሚገነባው።

መኪናዬ ከልጄ በሦስት ዓመት ብቻ ያንሳል። ባለቤቴ «ሽማግሌው» ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት «ሽማግሌው እንዴት አደረ?» ስትል እኔ «እግዜር ይመስገን» እላለሁ፤ ለካ የጠየቀችው ስለ እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷ የተሰበረ ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት፣ ቁስሉም ደረቀ፤ ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አለ። እግሯን እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው። ሐኪሞቹ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩን። እዚያ የምትሠራው ባለሙያ ቀጭን ናት፤ እጇ ግን ጉጠት ነው።

«ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለችን። «ለአሥር ሳምንት። ይህ ጊዜ ካለፈ ጉልበቱ ባለበት ይደርቃል፤ በኋላ ብትለምኑኝም አላጥፈውም። መቅረት የለም።»

«ምን ያስቀራታል? እኔ አለሁ፣ መኪናዬ አለ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ባለቤቴ ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየችኝና ዝም አለች። ያን አስተያየት ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከኋላ ወንበር እግሯን ዘርግታ ነበር የምትሄደው፤ ምንም አልገጠመንም። ከዚያ ባለሙያዋ «እግሯ ወደ ታች መውረድ ይልመድ፣ ከፊት ትቀመጥ» አለች። ከፊት አስቀመጥኳት። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከዳቦ ቤቱ በታች ካለው አደባባይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። አላሳለም፣ አልተንገጫገጨም፤ መብራት ሲያጠፉት እንደሚጠፋው ጭጭ አለ።

ከኋላ ያሉት ክላክሳቸውን ያንባርቁብኛል። እኔ ግን፣ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ውስጤን ደስ አለው። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ የማክመው አጥቼ እጄ ያሳክከኝ ነበር። ወረድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ጆሮዬን አዘነበልኩ። የቆመ ሞተር ምን ድምፅ አለው? ቢሆንም አዘነበልኩ፤ ሰው እያየ ነዋ። የእሳት መጫሪያዎቹን፣ የካንዴላዎቹን፣ ገመድ አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጌ ተመለስኩና ቁልፉን ባዞር፣ ወዲያው ተነሣ።

«ካንዴላ ነው» አልኳት።

«እንዴት አወቅከው?»

«ይሄማ ልምድ ነው።»

ማክሰኞ ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። ብቻዬን ከተማውን ዞርኩበት፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። ረቡዕ ድልድዩ ላይ ቆመ። ወርጄ ደግሞ የነዳጁን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አደረግኩት። ተመለስኩ፣ ተነሣ። «ፊልትሮ ነው» አልኳት። ሐሙስ ፊልትሮውን ቀየርኩ። ዓርብ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ።

ነገሩ ገብቷችኋል መሰለኝ፤ እኔን ነው ያልገባኝ። በቆመ ቁጥር እወርዳለሁ፣ አንድ ነገር እነካለሁ፣ ስመለስ ይነሣል። መጨረሻ ላይ የነካሁት ዕቃ ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ኮይል፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ ባትሪውንም ቀየርኩ። አንድ ቀን ሞተሩ ላይ የወደቀ ቅጠል አንሥቼ ስጥል ተነሣልኝና፣ ቅጠሉንም ለአፍታ ጠርጥሬዋለሁ።

ደግሞ እኔ ኮፈን ከከፈትኩ ቶሎ መዝጋት አይሆንልኝም። ሁለት ቀን መንገድ ዳር ፈትቼ ስገጥም ቀጠሮው አለፈ። ሦስት ቀን ደግሞ ባለሙያዋ ሌላ በሽተኛ ከጀመረች በኋላ ደረስን። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዓርብ ማዕዘን መለኪያዋን ከባለቤቴ ጉልበት ላይ አነሣችና እኔን አየችኝ።

«ባለፈው ሰማንያ አምስት ዲግሪ ታጥፎ ነበር። ዛሬ ሰባ ነው። ወደ ኋላ እየሄድን ነው፣ አባቴ።»

«መኪናው ነው» አልኩ።

«እኔ መኪና አላክምም» አለች።

እሁድ ልጄ መጣች። ልጄ አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣ አትጮኽም፣ ሰነፍ ተማሪ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። እሱ ከጩኸት ይብሳል።

«አባዬ፣ እማዬን ልወስዳት ነው። ከኔ ቤት ሆስፒታሉ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ አደርሳታለሁ። ሕክምናው እስኪያልቅ እኔ ጋ ትሁን።»

«የሠላሳ ስምንት ዓመት መካኒክ ሚስት በወንበር ልትገፋ?»

«ጉልበቷ የመካኒክ ሚስት መሆኗን አያውቅም እኮ።»

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ጉልበቴ ይታጠፍልኝ እንጂ የትም ልሁን» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀስ ብለህ ብትነዳው ምናልባት አይቆም ይሆናል» አለች።

«ሞተርና ዝግታን ምን አገናኛቸው?» አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ። «አንድ ሳምንት ስጪኝ። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«እስከ ቅዳሜ» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። መኪናው እስከዚያ ካልዳነ እማዬ ልብሷን ይዛ ትሄዳለች። እሺ በል።»

እሺ አልኩ። ያስፈራኝ የሙያ ክብሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚህች ሴት ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ እንኳ ወንበር ላይ አጠገቧ ነው ያደርኩት። ስኳሩ የትኛው ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። እሷ የሌለችበት ቤት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሰምቼ አላውቅም፤ ለመስማትም አልጓጓሁም።

ልጄ እንደሄደች ደብተሬን አወጣሁ። መኪናው የቆመበትን ቀን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ ፀሐይ ይሁን ዝናብ፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ነዳጁ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢሆንም ለኔ ይነበባል። ዓይኔን አጥብቤ ስመለከተው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አንድም ማክሰኞ የለም። መኪና የሳምንቱን ቀናት ያውቃል እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው በእነዚህ ቀናት ብቻ ባለቤቴ አብራኝ እንደምትሆን ትዝ ያለኝ። እናንተ ካወቃችሁት ቆይታችኋል፤ ግድ የለም፣ ሳቁብኝ።

«አገኘሁት» አልኩ። «ክብደት ነው። ስትቀመጪ መኪናው በአንድ ጎን ያዘነብላል፣ የሆነ ነገር ይጫናል። ስንት ኪሎ ነሽ?»

ባለቤቴ የምታጥፈውን ፎጣ አስቀመጠች። «አርባ አንድ ዓመት ያልጠየቅከኝን ዛሬ ምን አመጣው?»

«ለሙከራ ነው።»

«ስድሳ።»

ስድሳ አምስት ኪሎ አሸዋ በጆንያ ሞላሁ። አምስቱን ለምን እንደጨመርኩ እንዳትጠይቁኝ፤ እሷም እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ማክሰኞ ጠዋት ጆንያውን ከፊት ወንበር አስቀምጬ ቀበቶ አሠርኩለት። ባለሱቁ ጎረቤታችን ከደጁ ሆኖ፣ «እንግዳ መጣላችሁ?» አለኝ። «የባለቤቴ ምትክ ነው» ብዬ አለፍኩ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ በአደባባዩ፣ በድልድዩ፣ በትምህርት ቤቱ በር፣ እስከ ሆስፒታሉ ነዳሁ። አልቆመም። ተመልሼ ደገምኩት። ንፍጥ የለ፣ ሳል የለ።

ረቡዕ ጆንያውን ወደ ኋላ ወንበር አዛውሬ ባለቤቴን አስቀመጥኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። የቀጠሮዋ ግማሽ ካለፈ በኋላ ደረስን።

«ከዚህ በኋላ ጆንያው ይታከም» አለች በክራንቿ ተደግፋ ስትወርድ። «እሱን በሰዓቱ አድርሰኸዋል።»

ሐሙስ ሲነጋ ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ምርጫ አልነበረኝም፤ ፊውዝን ጠራሁት። ፊውዝ የምንለው አብሮኝ ሃያ ዓመት የሠራ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ስሙ ከሙያው የመጣ ይመስላል፤ የወጣለት ግን ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ቀድሞ ያልጠራሁት በትዕቢት ነው። እሱ በሽታ የሚፈልገው ሽቦ ጫፍ ላይ ባሠራት ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ነው፤ እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ «አምፖል ይዞ የሚዞር መካኒክ፣ በትር ይዞ እንደሚሄድ ዕውር ነው» እያልኩ ስስቅበት ኖሬአለሁ። ይህን ቃሌን ያዙልኝማ አልላችሁም፤ እኔው ራሴ ብረሳው ደስ ይለኛል።

ግቢ ገባ፣ ኮፈኑን ከፈተና አዲሶቹን ዕቃዎች አየ።

«ጋሽ ጆሮ፣ ይሄ ሁሉ አዲስ ዕቃ፣ ልትድረው ነው?»

«ቀልዱን ተወውና እየው።»

«ሲጠፋ ያስላል?»

«አያስልም። ጭጭ ነው።»

«ታዲያ ነዳጁ ምን አድርጎህ ፓምፕ ትቀይራለህ? ነዳጅ ያጣ ሞተር ተንደፋድፎ ነው የሚሞተው። ሳያስል የሞተ የኤሌክትሪክ እሳቱ ነው የተቋረጠበት። ይህን እኮ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

እውነት ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ?

ፊውዝ አምፖሏን ከኮይሉ ጋር አገናኘ፣ ረጅም ሽቦ ቀጥሎ በመስኮት ወደ ኋላ ወንበር አስገባት። «እሳት እስካለ ትበራለች። ሲቋረጥ ትጠፋለች። ነገ ከእትዬ ጋር እንደተለመደው ንዳ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ። ጆንያህን ግን አውርድልኝ፣ ቦታዬን ይዞብኛል።»

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ባለቤቴ ከፊት፣ ፊውዝ ከኋላ፣ አምፖሏ በጭኑ ላይ። እኔ እንደ ወትሮዬ ነዳሁ፤ ማለት በደንብ የነዳሁ መስሎኝ። አደባባዩን አለፍን፣ ምንም የለም። ፊውዝ መጀመሪያ ሲያወራ ነበር፤ ከአደባባዩ በኋላ ወሬውን አቆመ። ድልድዩን አለፍን። ትምህርት ቤቱ በር ስንቃረብ ባለቤቴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፣ መኪናውም ጭጭ አለ። ከፊታችን፣ ከእጅ ርዝመት ብዙም በማይበልጥ ቦታ፣ ቦርሳ የያዘች ሴትዮ መንገዱን እያቋረጠች ነበር። ዞር ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ኮፈኑን ልከፍት በሩን ስይዝ ፊውዝ፣ «ቁጭ በል» አለኝ። «ጠፍታ ነበር፣ አሁን በራች። እትዬ፣ አሁን እግርዎን አነሡ?»

«የትኛውን?» አለች ባለቤቴ።

«ደህነኛውን።»

«እንጃ። አንሥቼ ይሆናል።»

«እስቲ መልሰው ይርገጡት። ቅድም እንደረገጡት።»

ባለቤቴ አፍራ ወደ መስኮቱ እያየች ደህነኛ እግሯን ወደ ፊት ሰዳ ወለሉን ተጫነችው። አምፖሏ ጠፋች። «ያንሡ» አለ። በራች። «ይርገጡ።» ጠፋች። ከኋላችን ክላክስ ይጮኻል፤ እኛ በእግር አምፖል እናበራለን፣ እናጠፋለን።

ፊውዝ የመሣሪያ ሳጥኑን ወደ ፊት አሳልፎ፣ «እግርዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ፣ ወለሉን እንዳይነኩ» አላት። ቁልፉን ሳዞር ተነሣ። ባለቤቴ ሁለት እጇን በበሩ እጀታ ላይ አጣብቃ፣ ከአምስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓቱ ቀድመን ደረስን።

እሷ ሕክምናዋን ስታደርግ እኔና ፊውዝ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የፊቱን ምንጣፍ ገለጥን። ከሥሩ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ ቀይ ቴፕ ተጠቅልሎበታል። ቴፑ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ግን ገና አዲስ ነው፤ ሽቦው ሲረገጥ ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይገናኛል።

«የማን ሥራ ነው?» አለ ፊውዝ።

መመለስ አላስፈለገኝም። የቴፑን ጫፍ አጥፎ እንደ ጅራት መተው የኔ ልማድ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ሌላ የሚያደርገው አልነበረም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በሰፈራችን መኪና ይሰረቅ ነበርና ከምንጣፉ ሥር የተደበቀ የሞተር ማጥፊያ ገጥሜ ነበር። በኋላ ማጥፊያውን አወጣሁትና ሽቦውን ለጊዜው ጠምዝዤ አሠርኩት።

«ለጊዜው ብዬ ነው» አልኩ።

«አንተ ቤት ጊዜው ረጅም ነው» አለ። ሽቦውን አጸዳ፣ በደንብ በየደው፣ ሸፈነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ረገጥነው፣ ዘለልንበት፤ አምፖሏ ንቅንቅ አላለችም።

እኔ በደስታ ቅዳሜን አሰብኩ። ልጄ መጥታ መኪናውን ስታየው፣ እናቷን ጥላ ስትሄድ ታየኝ። ፊውዝ ግን እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና፣ «የኔ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ» አለ። «የቀረው የኤሌክትሪክ አይደለም።»

«ምን ቀረ?»

«እትዬ ለምን እንደሚረግጡ።» ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ፍሬን እየያዙ እኮ ነው፣ ጋሼ። እኔም ከኋላ ሆኜ ሁለት ጊዜ ይዣለሁ።» ይህን ብሎ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄደ። ፊውዝ ሳይቃጠል ሲናገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ስትወጣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ረጅም ወንበር ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ወለሉን የምትረግጪው ፈርተሽ ነው?» አልኳት።

ክራንቿን ከግድግዳው አስደገፈች። «ሳላስበው ነው የሚረግጠው። እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከካቻምና ጀምሮ። ሰው ሲያቋርጥ ዘግይተህ ነው የምታየው። አንድ ጊዜ የቆመ ጋሪ አጠገቡ እስክንደርስ አላየኸውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ጡረታ የወጣህ ቀን መሣሪያህን ለጋራዡ ትተህ ባዶ እጅህን መጣህ። መኪናው ብቻ ቀረህ። ዓይንህ ደክሟል፣ እሱንም ተወው ልበልህ?» ወደ ጉልበቷ አየች። «እውነቱን ልንገርህ? ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ መሆኔን አላወቅኩም፤ እግዜር ያቆመልኝ ነበር የሚመስለኝ። ጉልበቴ ቢዘገይ ይሻላል እል ነበር።»

ልጆቼ፣ ይህች ሴት እኔን ላለማስቀየም እግሯን ልትሰጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከአጠገቤ ትንፋሿን ስትስብ እየሰማሁ፣ ጆሮዬን ኮፈን ውስጥ ከትቼ ፓምፕ አዳምጥ ነበር። ለሷ ክብደት አሸዋ ፈለግኩ። ጆንያ ስድሳ አምስት ኪሎ ይመዝናል እንጂ አይፈራም፤ ይህን ለማወቅ አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም ነበር።

ወደ ቤት ፊውዝ ነዳ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ሆና ሞተሩን ሰማች፤ ፊውዝ በማለዳ መጥቶ አስነሥቶት ነበር፣ እንደ ድመት ያንኮራፋል።

«ዳነ እንዴ?» አለች ቅር ብሏት።

«ዳነ» አልኩ። ባለቤቴ ከወንበሯ ሆና አየችኝ። እንዲያ ዝም ብል ማንም የሚያጋልጠኝ አልነበረም፤ ፊውዝም ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ነበር። «መኪናው ድኗል፣ ልጄ። ያልዳነው ነጂው ነው። እናትሽን ውሰጃት።»

ልጄ ሻንጣውን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ባለቤቴ «ቀዩን ሹራቤንም አምጡልኝ» አለች።

ፊውዝ ነዳ፣ እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከፊት ከነጂው ጎን። በዚያ ወንበር ከተቀመጥኩ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም። ፊውዝ አደባባዩ ላይ ፍጥነት ሲጨምር እግሬ እኔን ሳያስፈቅድ ወለሉን ረገጠ። ባለቤቴ ከኋላ ሆና አየችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መኪናው ግን አልቆመም፤ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ከግድግዳው ላይ ፊደል አንብብ ስባል፣ ሁለተኛውን መስመር እንደምንም ተወጣሁት፣ ሦስተኛው ላይ ግን መስመር መኖሩንም ተጠራጠርኩ። ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ ነበር። አንዱ ተገፈፈልኝ፣ አንዱ ወረፋ ይጠብቃል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ መሪ አልነካም። የመኪናውን ቁልፍ ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ለመንጃ ፈቃድ እየተማረች ነው፣ ፊውዝም ያስተምራታል፣ ጩኸቱ እስከ ደጅ ይሰማል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በአውቶቡስ ሆስፒታል እሄድ ነበር። ባለሙያዋ የባለቤቴን ጉልበት ስታጥፍ እጇን እይዛለሁ፤ ሲያማት እጄን ትጨምቀዋለች። አሁን በየትኛው ደቂቃ እንደሚያማት ሳትናገር አውቃለሁ። በመጨረሻው ዓርብ መለኪያው መቶ አሥራ አምስት አሳየ። ባለሙያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ወይም ቀድሞም ፈገግ ትል ነበር፣ እኔ አላየሁም። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሥታ ያለ ክራንች እስከ በሩ ሄደች፣ እዚያ ቆማ፣ «ና እንጂ፣ ወደ ቤት አትወስደኝም?» አለችኝ። በአውቶቡስ ተያይዘን ተመለስን።

እናንተ ወጣቶች ነጂ ትሆናላችሁ፤ የመኪና ባይሆን የቤት፣ የሥራ፣ የሰው። ከኔ ዕድሜ ይህችን ብቻ ይዛችሁልኝ ሂዱ። ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ዝም ሲል ምስጋና አይምሰላችሁ። አንዳንዴ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን ምን ላይ እንዳሳረፈ እዩለት። የቀረውን ብትረሱት አልቀየምም፤ እሱን ግን አደራ፣ አስቡልኝ።